ለነሐሴ ዴስክ በመጋቢት የሚታዘዝ ቀለም፦ የፋብሪካ ምርት ዕቅድ እንዴት ይሠራል?

ከቃሊቲ ተነስቶ በገላን አልፎ እስከ ዱከም በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ፋብሪካዎች ወደ አንዱ ገብቶ «ማሽኑ ለምን ቆመ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ጥሬ ዕቃ የለም። መልሱ ውሸት አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ማፈላለጉ፣ የጅቡቲ ወደብ፣ የሞጆ ደረቅ ወደብና ጉምሩክ የየድርሻቸውን ቀን ይወስዳሉ። ይሁን እንጂ ጠያቂው በዚያው መጋዘኑን የማየት ዕድል ካገኘ የሚደንቅ ነገር ይገጥመዋል። ጥሬ ዕቃ አጥቶ የቆመው ፋብሪካ መጋዘኑ ሙሉ ነው። ካርቶኑ ጣሪያ ነክቷል፣ ካቻምና የገባ ዕቃ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። የጠፋው አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ዕቃ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ያንን እየጠበቀ ቁጭ ብሏል።

በ2014 ዓ.ም. የ«ኢትዮጵያ ታምርት» ንቅናቄ ከተጀመረ ወዲህ ፋብሪካዎች ለምን ከአቅማቸው በታች እንደሚያመርቱ ብዙ ተብሏል። ምንዛሪ፣ መብራት፣ ብድርና መንገድ በየመድረኩ ይነሳሉ። ፋብሪካው በራሱ እጅ ያለው መሣሪያ፣ ማለትም የዕቅድ ስሌቱ፣ እምብዛም አይነሳም። ሲነሳም «ኤምፒኤስ» እና «ኤምአርፒ» በሚሉ ስሞች ተጠቅልሎ የኮምፒውተር ባለሙያ ጉዳይ ይመስላል። ስሌቱ ግን መደመር፣ መቀነስና ማባዛት የሚችል ሰው ሁሉ የሚረዳው ነው።

ሁለቱ ዕቅዶች ምን ምን ናቸው?

የመጀመሪያው ዋናው የምርት መርሐ ግብር ነው፤ ኤምፒኤስ የሚባለው ይህ ነው። የሚመልሰው ጥያቄ አጭር ነው፦ የትኛው ምርት፣ ስንት፣ በየትኛው ቀን ተጠናቆ ይውጣ? ይህንን ከዓመታዊ ዕቅድ ጋር መቀላቀል የተለመደ ስለሆነ ልዩነቱን ማስቀመጥ ይገባል። «በዚህ በጀት ዓመት 10 ሺህ ዴስክ እናመርታለን» ማለት ዓመታዊ ዕቅድ ነው፤ ለሪፖርት ይበቃል፣ ለመጋዘን ሠራተኛው ግን ምንም አይነግረውም። «600 ባለ ሁለት መቀመጫ የተማሪ ዴስክ እስከ ነሐሴ 1» ሲባል ግን መርሐ ግብር ሆነ። ምርቱ በስሙ፣ ብዛቱ በቁጥር፣ ጊዜው በቀን ተቆርጧል።

ሁለተኛው የጥሬ ዕቃ ፍላጎት ዕቅድ ነው፤ ኤምአርፒ ይባላል። ይህ ከመጀመሪያው ይነሳና ወደ ታች ይወርዳል። ለ600ው ዴስክ የትኛው ዕቃ፣ ምን ያህል፣ መቼ ይታዘዝ? የትኛው ሥራ መቼ ይጀመር? ይህን ለመመለስ ሦስት መረጃ ይፈልጋል። አንዱ አንድ ዴስክ ከምን ከምን እንደሚሠራ የሚያሳይ የግብዓት ዝርዝር ነው። ሌላው በመጋዘን ያለውንና ታዝዞ በመንገድ ላይ ያለውን ዕቃ የሚያሳይ መዝገብ ነው። ሦስተኛው እያንዳንዱ ዕቃ ከታዘዘበት ቀን አንስቶ መጋዘን እስኪገባ፣ እያንዳንዱም ሥራ ከተጀመረበት አንስቶ እስኪያልቅ የሚወስደው ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ የመድረሻ ጊዜ እንለዋለን።

ለምን እንደ ልማዱ ዕቃው ሲያንስ አይታዘዝም?

ድግስ ደግሶ የሚያውቅ ቤት መልሱን ያውቀዋል። ሠርግ ለጥር 20 ተቆረጠ እንበል። ስንት እንግዳ እንደሚመጣ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም፤ 300 ተብሎ ይገመታል። ከዚያ በታች ያለው ግን ስሌት ነው። ለ300 ሰው ይህን ያህል እንጀራ፣ ለእንጀራው ይህን ያህል ጤፍ፣ ለወጡ ይህን ያህል ሽንኩርትና በርበሬ እየተባለ ይወርዳል። ቀኑም ወደ ኋላ ይቆጠራል። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ደርቆ፣ ተደልዞና ተፈጭቶ እስኪደርስ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ጠላው የሚጠነሰስበት፣ ሊጡ የሚቦካበት ቀን አለው። በርበሬ በዋዜማው የሚገዛ ደጋሽ የለም፤ ሽንኩርትም በኅዳር አይከተፍም።

ፋብሪካም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ፍላጎት አለበት። ስንት ዴስክ እንደሚሸጥ የሚወስነው ገበያው ነው፤ እሱን መገመት ግድ ይላል። የቱቦላሬ ብረቱን ፍላጎት የሚወስነው ግን ዴስኩ ነው። አንድ ዴስክ ዘጠኝ ሜትር ቱቦላሬ የሚበላ ከሆነ 600 ዴስክ ስንት እንደሚበላ ለማወቅ ያለፈውን ዓመት አማካይ ፍጆታ ማገላበጥ አያስፈልግም። ያባዙታል፣ አለቀ። ብዙ ፋብሪካ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በስሌት የሚታወቀውን በግምት ይገዛል።

የመጋዘኑን የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ እያዩ «ቢን ካርዱ ላይ 200 ሲቀር እዘዝ» የሚለው አሠራር በየቀኑ እኩል እኩል ለሚወጣ ዕቃ፣ ለምሳሌ ለሠራተኛ ጓንትና ለማሽን ቅባት፣ ደህና ይሠራል። የዴስክ ብረት ግን እኩል እኩል አይወጣም። ለሁለት ወር የሚነካው አይኖርም፤ ከዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ 600 እና 700 ዘንግ ይጠየቃል። ካርዱ ላይ 250 ስለነበር ማንም አላዘዘም፤ በነጋታው ብየዳው ቆመ።

በዚህ ላይ አንድ ቀላል ሒሳብ ይጨመርበት። አንድ ምርት 10 ዓይነት ዕቃ ይፈልጋል እንበል። እያንዳንዱ ዕቃ በተፈለገበት ቀን የመገኘት ዕድሉ 90 ከመቶ ነው። 90 ከመቶ ጥሩ ይመስላል። አሥሩም በአንድ ቀን አብረው የመገኘታቸው ዕድል ግን 0.9 በራሱ አሥር ጊዜ ተባዝቶ 35 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከሦስት ጊዜ ሁለቱን አንድ ነገር ይጎድላል ማለት ነው። መጋዘኑ ሙሉ ሆኖ ምርት የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። የመጋዘን ኃላፊውን በስንፍና ከመውቀስ በፊት ይህንን ስሌት መሥራት ይበጃል።

እስቲ ስሌቱን በቁጥር እንየው

ገላን አካባቢ የትምህርት ቤት ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ እናስብ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። ትምህርት ቤቶች በመስከረም ስለሚከፈቱ ገዢው 600 ዴስክ እስከ ነሐሴ 1 ይፈልጋል። የአንዱ ዴስክ ግብዓት ይህ ነው፦ አንድ የብረት ፍሬም፣ አንድ መጻፊያ ጣውላ፣ አንድ መቀመጫ ጣውላ፣ 12 ብሎን። ፍሬሙ በተራው ዘጠኝ ሜትር ቱቦላሬና 200 ግራም የዱቄት ቀለም ይፈልጋል። ቱቦላሬ የሚሸጠው ስድስት ስድስት ሜትር ሆኖ ስለሆነ ለአንድ ፍሬም አንድ ዘንግ ተኩል ይገባል።

ከላይ እንጀምር። ያለቀላቸው 80 ዴስኮች በመጋዘን አሉ። 600 ሲቀነስ 80፣ የሚገጠመው 520 ነው። 520 ፍሬም ያስፈልጋል፤ ተበይዶና ተቀብቶ የተቀመጠ 70 ፍሬም አለ፤ ስለዚህ የሚበየደው 450 ነው። 450 ፍሬም 675 ዘንግ ቱቦላሬ ይበላል። በመጋዘን 200 አለ፣ ታዝዞ በቅርቡ የሚገባ 175 አለ። የሚገዛው 300 ዘንግ ነው። በየደረጃው ያለው እየተቀነሰ መውረዱን ልብ ይሏል። ይህን ሳያደርግ 600ን በአንድ ተኩል አባዝቶ 900 ዘንግ የሚያዝዝ ፋብሪካ በእጁ ያለውን እንደገና ገዛ ማለት ነው።

አሁን ቀኑን ወደ ኋላ እንቁጠር። በእኛ የዘመን አቆጣጠር ይህ ምቹ ነው፤ ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነው። ገጠማው ሰባት ቀን ይወስዳል፤ ለነሐሴ 1 እንዲደርስ ሐምሌ 24 ይጀመራል። ብየዳውና ቀለም ቅቡ 14 ቀን ይፈልጋሉ፤ ሐምሌ 10 ይጀመራሉ። ቱቦላሬው ከአገር ውስጥ አምራች ታዝዞ በ21 ቀን ይደርሳል፤ ሰኔ 19 መታዘዝ አለበት። ጣውላው ለመቆረጥና ለመስተካከል ሰባት ቀን፣ ከአቅራቢ ለመምጣት 10 ቀን ይፈልጋል፤ ትእዛዙ ሐምሌ 7 ይወጣል። ብሎን ከመርካቶ በሁለት ቀን ይገኛል፤ ሐምሌ 22 ቢታዘዝም ይደርሳል።

የቀረው ቀለሙ ነው። ለ450 ፍሬም 90 ኪሎ ይፈልጋል፤ በእጅ 30 ኪሎ አለ፤ 60 ኪሎ ይጎድላል። ካርቶኑ 25 ኪሎ ስለሆነ ሦስት ካርቶን፣ ማለትም 75 ኪሎ ይገዛል። ቅቡ የሚጀመረው ብየዳው ከተጀመረ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ 17 ነው። ቀለሙ ከውጭ የሚመጣው በ120 ቀን ነው ብንል ከሐምሌ 17 አራት ወር ወደ ኋላ ሲቆጠር መጋቢት 17 ላይ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለነሐሴ ዴስክ የመጀመሪያው ትእዛዝ የሚወጣው በመጋቢት፣ ያውም በዴስኩ ላይ በግራም ለሚለካው ዕቃ ነው። ብረቱ ሰኔ ላይ፣ ብሎኑ ሐምሌ ላይ ቢታዘዝም ይደርሳል፤ በመጋቢት ያልታዘዘ ቀለም ግን በሰኔ በሚደረግ ሩጫ አይገኝም። ስለዚህ ዋናው መርሐ ግብር ቢያንስ የረጅሙን መንገድ ያህል ወደ ፊት ማየት አለበት። በዚህ ምሳሌ የቀለሙ 120 ቀንና ከሐምሌ 17 እስከ ነሐሴ 1 ያለው 14 ቀን ተደምሮ 134 ቀን ነው። የሦስት ወር ዕቅድ ብቻ የሚያወጣ ፋብሪካ ይህን ቀለም ሁልጊዜ ዘግይቶ ያዝዛል፤ ሠራተኛው የቱንም ያህል ቢተጋ።

በእርግጥ ለ75 ኪሎ ቀለም ብቻ ኤልሲ፣ ማለትም የባንክ የክፍያ ዋስትና፣ የሚከፍት የለም። የዓመቱ መርሐ ግብር በሙሉ በዚህ መልክ ይወርድና የእያንዳንዱ ትእዛዝ ቀለም ተደምሮ በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይመጣል። ድምሩ ግን ከየዴስኩ የተነሳ እንጂ «አምናም ይህን ያህል ገዝተናል» ከሚል ልማድ የመጣ አይደለም።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

የትእዛዝ መጠንን በቀመር የማስላት ሐሳብ በአሜሪካዊው ፎርድ ሃሪስ በ1913 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቀርቧል። ለአሥርተ ዓመታት ፋብሪካዎች ሁሉንም ዕቃ በዚያው መንገድ፣ አንድ በአንድ፣ ሲያንስ እየተካ በሚል ይይዙት ነበር። ከምርቱ ተነስቶ ወደ ታች ማስላት ይሻላል የሚለው ለማንም ስውር አልነበረም፤ ችግሩ በሺህ የሚቆጠሩ ዕቃዎችን በየሳምንቱ በእጅ ማስላት አለመቻሉ ነው። በ1960ዎቹ ኮምፒውተር ወደ ፋብሪካ ሲገባ በአይቢኤም ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ኦርሊኪ ስሌቱን ሥርዓት አስያዘው። በ1964 ብላክ ኤንድ ዴከር በቀዳሚነት እንደተጠቀመበት ይነገራል። ከገበያ የሚመጣውን ፍላጎትና ከሌላ ዕቃ የሚወለደውን ፍላጎት ለይቶ ያስተማረውም ኦርሊኪ ነው። በኋላ የሰው ኃይል፣ ሒሳብና ሽያጭ ሲጨመሩበት ዛሬ ኢአርፒ የሚባለው ሰፊ ፕሮግራም ወጣ።

የእኛ አገር ዕቃ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም፤ ታዲያ ይህ ስሌት ምን ይረባል?

በየፋብሪካው የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ ይህ ነው፤ በቁም ነገር መታየትም ይገባዋል። ስሌቱ «120 ቀን» የሚል አንድ ቁጥር ይፈልጋል። በተግባር ግን አንዱ ጭነት በ90 ቀን ይገባል፣ ሌላው 200 ቀን ይፈጃል።

መጀመሪያ መደረግ ያለበት መንገዱን መከፋፈል ነው። ከፕሮፎርማ እስከ ባንክ ፈቃድ፣ ከዚያ ኤልሲ እስኪከፈት፣ ከአቅራቢው ፋብሪካ እስከ መርከብ፣ ከባሕር ጉዞ እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ እስከ ሞጆ፣ ከጉምሩክ እስከ መጋዘን በር። ያለፉት ጭነቶች በእያንዳንዱ እርከን ስንት ቀን እንደቆዩ በአንድ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው፣ መንገዱ ሁሉ እኩል የማይጨበጥ አለመሆኑ ነው። የባሕሩ ጉዞ ልዩነቱ ጠባብ ሊሆን ይችላል፤ የሚዋዥቀው አንድ ወይም ሁለት እርከን ነው፤ ምናልባትም የባንኩ፣ ምናልባትም ራሱ የፋብሪካው የግዢ ፊርማ። ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ሲጠብቅ የከረመ የግዢ ጥያቄ «ወደብ አዘገየው» በሚል ስም ሲወቀስ ማየት የሚያናድድ ነገር ነው። የቀን መዝገብ ካለ ግን ጥፋቱ የት እንደሆነ ማንም አያድበሰብሰውም።

ከዚያ በኋላ የመጠባበቂያው ቦታ ይመረጣል። ብዙዎች ለሁሉም ዕቃ እኩል መጠባበቂያ ያስቀምጣሉ፤ ከብሎን እስከ ቀለም «የሁለት ወር» እያሉ። ይህ ገንዘብ ይበትናል። ከመርካቶ በሁለት ቀን ለሚመጣ ብሎን የሁለት ወር ክምችት ለምን? በዚያው ገንዘብ ከውጭ ለሚመጣውና መድረሻው ለሚዋዥቀው ቀለም የአራት ወር መጠባበቂያ መያዝ ይቻላል። ቱቦላሬው መካከል ላይ ነው። አምራቹ አገር ውስጥ ቢሆንም ጥቅል ላሜራውን ከውጭ ስለሚያስገባ የእሱ የምንዛሪ ችግር ዞሮ ዞሮ ወደ ዴስክ ፋብሪካው ይደርሳል፤ 21 ቀን ያለው ሰው በክፉ ጊዜ 60 ሊል እንደሚችል አስቦ መያዝ ነው።

መድረሻ ጊዜው ሲዋዥቅ ስሌቱ ይበልጥ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። ዕቃ በሳምንት በሚደርስበት አገር ያላሰላ ፋብሪካ የሚከስረው ሳምንት ነው። እዚህ የሚከስረው የትምህርት ዘመኑን ገበያ በሙሉ ነው።

ዋጋ በየጊዜው እየጨመረ፣ ብዙ ገዝቶ ማስቀመጥ አይሻልም?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ያን ጊዜ መጋዘኑ ሙሉ የነበረ ሰው አተረፈ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከዚያ ወዲህ «ያገኘኸውን ግዛ» የሚለው ምክር ክብደት አግኝቷል።

ነገር ግን ዕቃ ነግዶ ማትረፍና ዕቃ አምርቶ ማትረፍ ይለያያሉ። ፋብሪካው ገንዘቡን በ5,000 ዘንግ ቱቦላሬ ላይ አውሎ ቀለም የሚገዛበት ካጣ አንድ ዴስክ አያወጣም፤ ደመወዝና የባንክ ወለድ ግን ይከፍላል። ስሌቱ ቀድሞ መግዛትን አይከለክልም። ዋጋ ሊጨምር ነው ብሎ የሚያምን ባለቤት የትኛውን ዕቃ፣ ለየትኛው ወር ምርት፣ ስንት አስቀድሞ እንደሚገዛ ያሳየዋል። ያኔ የተገዛው ሁሉ እርስ በርሱ ይመጣጠናል፤ ለ2,000 ዴስክ ብረት፣ ለ2,000 ዴስክ ቀለም፣ ለ2,000 ዴስክ ጣውላ።

ሽያጭ ክፍሉ አስቸኳይ ትእዛዝ ይዞ ቢመጣስ?

ሰኔ 10 ላይ ገዢው ደውሎ 600ው 720 ይሁንልኝ አለ እንበል። የተለመደው መልስ «ችግር የለም» ነው፤ ጣጣው ነሐሴ ላይ ይመጣል። ስሌቱን የያዘ ሰው ግን በ10 ደቂቃ ውስጥ ይመልሳል። ተጨማሪ 120 ዴስክ 180 ዘንግ ብረት ይፈልጋል፤ የብረት ትእዛዙ የሚወጣው ሰኔ 19 ስለሆነ ይደርሳል። ቀለም 24 ኪሎ ይፈልጋል፤ ከታዘዘው 75 ኪሎ የሚተርፈው 15 ኪሎ ብቻ ነው። 15 ኪሎ 75 ፍሬም ይቀባል። ስለዚህ «75ቱን ለነሐሴ 1፣ 45ቱን ቀለም ሲገባ» ብሎ በእርግጠኝነት ቃል መስጠት ይቻላል። ገዢውም ያልተፈጸመ ተስፋ ይዞ ከሚቀር ይህን ይመርጣል።

ብየዳውንም መጠየቅ አለ። ከ14ቱ ቀናት ለብየዳው የሚደርሰው 10 የሥራ ቀን ነው ብንል 450 ፍሬም በቀን 45 ይሆናል። አንድ በያጅ በቀን ዘጠኝ ካወጣ አምስት በያጅ በልክ ይበቃል። 75 ሲጨመር ስድስተኛ ሰው ወይም ተጨማሪ ፈረቃ የግድ ነው። ኤምአርፒ ራሱ ይህን አያውቅም፤ የበያጁን ቁጥርና የመብራት መቆራረጡን ሳይጠይቅ «ሐምሌ 10 ጀምር» ይላል። አቅምን ከመርሐ ግብሩ ጋር የሚያስተያየው ዕቅድ አውጪው ነው። ሐምሌ 19 ገብርኤል ስንት ሠራተኛ ወደ ቁልቢ እንደሚሄድም የሚያውቀው እሱ ነው።

በዚህ ምክንያት የመርሐ ግብሩ ቅርብ ያሉት ሳምንታት እንዳይነኩ ይታጠራሉ። ሥራ አስኪያጁ ካልፈቀደ በቀር በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ያለ ቁጥር አይለወጥም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በድርድር ይለወጣል፤ ሩቁ ክፍት ነው። አጥር የሌለው መርሐ ግብር በየማለዳው ይቀየራል፤ ከላይ የተቀየረ አንድ ቁጥር ደግሞ ከታች ያሉትን ትእዛዞች ሁሉ ያናውጣል። ሠራተኛው ወረቀቱን ማመን ያቆምና ወደ ቀድሞው ሩጫ ይመለሳል።

ኢአርፒ ብንገዛ ይህ ሁሉ አይቀርም?

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ እምነት ነው። ፕሮግራሙ የሚያሰላው የተሰጠውን ነው። ኮምፒውተሩ 200 ዘንግ ቱቦላሬ አለ ካለና መደርደሪያው ላይ 140 ብቻ ከሆነ ስሌቱ ከሥር ጀምሮ የተሳሳተ ነው፤ 60 ዘንግ ማለት 40 ዴስክ ነው። በዘርፉ ለዚህ ስሌት የሚበቃ ተብሎ የሚጠቀሰው የመጋዘን መዝገብ ትክክለኛነት 95 ከመቶ ነው፤ የግብዓት ዝርዝሩ ደግሞ 98 ከመቶ።

መዝገቡ የሚሳሳተው በጥቃቅን ነገር ነው። ማታ ፈረቃ አስቸኳይ ሆኖበት ዕቃ ያወጣል፤ የዕቃ ወጪ ደረሰኙን «ሞዴል 22 ነገ እንቆርጣለን» ይባላል፤ ነገ ይረሳል። ዕቃ በሞዴል 19፣ ማለትም በገቢ ደረሰኙ፣ በሳጥን ተቆጥሮ ይገባል፣ በፍሬ ተቆጥሮ ይወጣል። የግብዓት ዝርዝሩ ደግሞ ከሥዕሉ ላይ ይገለበጣል፤ ከመቁረጫ ማሽኑ ጀርባ ሄዶ የሚያይ የለም። እዚያ ክንድ የማይሞሉ የቱቦላሬ ቁራጮች ተቆልለዋል። ሥዕሉ ዘጠኝ ሜትር ይላል፤ ቁራጩ ሲደመር ዴስኩ ዘጠኝ ተኩል እየበላ ነው። በ450 ፍሬም ላይ ግማሽ ሜትር 225 ሜትር፣ ማለትም ከ37 ዘንግ በላይ ይሆናል። ስሌቱ ልክ ሆኖ ብረቱ የሚያንሰው እንዲህ ነው።

ቆጠራውም ሌላ ጣጣ አለበት። በብዙ ድርጅት ዕቃ የሚቆጠረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ ነው። በዴስኩ ምሳሌ ሰኔ 30 የሚውለው ብረቱ ከታዘዘበት ቀን በኋላና ብየዳው ሊጀመር 10 ቀን ሲቀረው ነው፤ ስህተቱ የሚገለጠው ማረም በማይቻልበት ጊዜ። የተሻለው መንገድ በየቀኑ ጥቂት ዕቃ መቁጠር ነው። ውድ የሆኑትና ከውጭ የሚመጡት በየወሩ፣ ርካሾቹ በየግማሽ ዓመቱ ይደርሳቸዋል። ልዩነት ሲገኝ ቁጥሩን ማስተካከል ብቻ አይበቃም፤ ለምን እንደተለየ ያኔውኑ መጠየቅ አለበት፤ ያወጣው ሰው ገና ሳይረሳው።

አነስተኛ ፋብሪካስ ከየት ይጀምር?

20 እና 30 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ፕሮግራም መግዛት አያስፈልገውም። በኮምፒውተር ሰንጠረዥ፣ እሱም ከሌለ በባለ መስመር ትልቅ ወረቀት ይቻላል። ከምርቶቹ አንዱን፣ ብዙ የሚሸጠውን ይምረጥ። ሳምንታቱን በአግድም ይጻፍ፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ አራት ረድፍ ይስጥ፦ የሚያስፈልገው፣ ታዝዞ የሚገባው፣ በእጅ የሚቀረው፣ የሚታዘዘው። በእጅ የሚቀረው ከዜሮ በታች የሚወርድበት ሳምንት ሲታይ ከዚያ ሳምንት የመድረሻ ጊዜውን ያህል ወደ ግራ ተቆጥሮ በአራተኛው ረድፍ ትእዛዙ ይጻፋል። ቆጠራው ከዛሬው ሳምንት አልፎ ወደ ኋላ ከወደቀ ትእዛዙ ድሮ መውጣት ነበረበት ማለት ነው። ያን ጊዜ ሁለት ምርጫ አለ፤ ዕቃውን በሌላ መንገድ ማፋጠን ወይም ለገዢው አዲስ ቀን መንገር። ወረቀቱ በየሳምንቱ በአንድ የታወቀ ቀን፣ ለምሳሌ ዓርብ ከሰዓት፣ የመጋዘን፣ የግዢ፣ የምርትና የሽያጭ ኃላፊዎች በተገኙበት ይታደሳል። ከአራቱ አንዱ ከቀረ ያን ሳምንት ቁጥሩን የሚሞላ ሌላ ሰው በስሙ ይመደባል።